የቃላት ርቢ

አስተማሪ የሆንኩት በአንድ ግጥም ጥፋት ነው። ከሸዋ ሮቢት በባጃጅ ግማሽ ሰዓት ያህል ወደ ቀወት ገጠር ሲገባ አንድ ትምህርት ቤት አለ። የአማርኛ መምህርቷ የወሊድ ፈቃድ ወጣችና ተተኪ ጠፋ። ዳይሬክተሩ፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ሰው፣ በአንድ በዓል ላይ ግጥም ሳነብ ሰምቶኝ ኖሮ ከተማ ድረስ መጥቶ ፈለገኝ። ዲፕሎማ የለኝም አልኩት። ግጥም የት እንደተማርኩ ጠየቀኝ። የትም አልኩት። ይህችኑ እንደ ማስረጃ ያዛት። በእሱ ስሌት ተማሪዎቹ ቃል ያጠራቸው፣ እኔ ደግሞ ቃል የተረፈኝ ሰው ነኝ፤ ሁለት ወር ባካፍላቸው አልጎዳም።

አምስተኛ ክፍልን ሰጠኝ። አንድ ወንበር ላይ አራት ልጅ ይቀመጣል። ሁለቱ በአማርኛ ሲጣሉ ሦስተኛው በኦሮምኛ ያስታርቃቸዋል፤ አራተኛው ደግሞ ከአርጎባ አያቱ የወረሳት፣ ሲደነግጥ ብቻ የምትወጣ አንዲት ቃል አለችው። ሜዳ ላይ ኳስ ሲጫወቱ በአንድ ቋንቋ ኳስ ይጠይቃሉ፣ በሌላው ይሰዳደባሉ፣ ጎል የገባ እንደሆነ በሁለቱም ይክዳሉ። ክፍል ሲገቡ ግን ዝም ነው። ክፍል ውስጥ የሚፈለገው የመጽሐፉ ቃል ነዋ። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ መቶ ሃያ ቃላት ተደርድረዋል፦ ትነት፣ አድማስ፣ ቅራኔ፣ ብዝኃነት፣ ምኅዋር እያለ ይሄዳል። ልጆቹ እነዚህን በዜማ ይወርዷቸዋል። አንዱን ቅራኔ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ያለ ምንም ጥርጥር፣ አስራ ሰባተኛው ነው አለኝ።

ዳይሬክተሩ ይህን አይቶ ሕግ አውጥቶ ነበር። ኅዳር ሳያልቅ እያንዳንዱ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ እሱ ፊት ቆሞ ከመቶ ሃያው ሃምሳውን ቃል ያስረዳል። ያላስረዳ ወደ ሁለተኛ ክፍል ይወርዳል። ለምን አራተኛ አይሆንም ብዬ ጠየቅኩት። አራተኛ ክፍል ሞልቷል አለኝ።

ሕጉ ለሁሉም የወጣ ቢሆንም ለማን እንደሚሠራ ሁሉም ያውቃል። ከኋላ ጥግ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች። ትምህርት የጀመረችው ዘግይታ ነው፤ በቁመት እኔን ትበልጠኛለች። ቤቷ የሚነገረው ኦሮምኛ ነው። አማርኛ ትሰማለች፣ ትጽፋለችም፤ ክፍል ውስጥ ስትናገር ግን የሰማት የለም። ስሟ ሲጠራ እንኳ «አቤት» አትልም፣ ትነሣለች። ከተነሣች ደግሞ ላለማየት ያስቸግራል። እናቷ ወተት ልትሸጥ ወደ ሮቢት ስትወርድ በትምህርት ቤቱ በኩል አለፈችና፣ የሕጉ ነገር እውነት እንደሆነ በገበያ አማርኛዋ ጠየቀችኝ። እውነት ነው አልኳት።

«ከሕፃን ጋራ ከምትቀመጥ ከፍየል ጋራ ትቀመጥ» አለች። «ፍየል እንኳ አይስቅባትም።»

በክፋት አልነበረም ያለችው። የሁለተኛ ክፍል ልጆች የልጅቱ ወገብ ላይ አይደርሱም። ከወረደች ትምህርቷ አበቃ ማለት ነው። ይህን እናትየውም፣ ልጅቱም፣ ዳይሬክተሩም፣ እኔም እኩል እናውቀው ነበር።

ጨዋታውን የፈጠርኩት ለእሷ ብዬ ነው። ከሱቅ ባዶ የብስኩት ካርቶን ለመንኩ፤ መዳፍ መዳፍ በሚያህል ቆራርጬ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ቃል ጻፍኩ፤ ጫፉን በስቼ ክር አሰርኩበት። ለሁሉም ሁለት ሁለት አደልኩ። ደንቡን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት። ይህ ቃል ከብትህ ነው፤ ሳምንቱን ትጠብቀዋለህ። ሐሙስ ሐሙስ ክፍሉ ገበያ ይሆናል። የሌላውን ቃል የፈለገ ሄዶ ይጠይቃል፤ ባለቤቱ ማስረዳት አቅቶት ጠያቂው ካስረዳ፣ ጠያቂው ይነዳዋል። ቃል ደግሞ ይወልዳል። በቤታችሁ ቋንቋ ምን እንደሚባል፣ ወይም ቃሉ የገባበት አንድ አዲስ ዓረፍተ ነገር በቁራጭ ወረቀት ጽፎ አምጥቶ ለክፍሉ ያነበበ፣ ያ ጥጃ ሆኖ ይቆጠርለታል።

ከብት ባልል፣ ነጥብ ብዬ ባልፍ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

የመጀመሪያው ሐሙስ ልጆቹ ቃላቱን ከመጠየቃቸው በፊት ዳሰሷቸው። አንዱ የጓደኛውን ካርድ ጫፍ ገልጦ ወደ ብርሃን አስጠግቶ ያያል። ምን እያደረግህ ነው ብለው፣ ጥርሱን እያየሁ ነው ቲቸር አለኝ። በሁለተኛው ሳምንት ሁሉም የየራሱን ምልክት ማውጣት ጀመረ፤ አንዱ ጫፉን ይበጣል፣ አንዱ በፍም ይተኩሳል። ምኅዋር የሚለውን ቃል ማንም ሊገዛው ስላልፈለገ ታሟል ተባለና ሌሎቹን እንዳያስይዝ መስኮት ላይ ለብቻው ታሰረ። አንድ ልጅ ቀርቶ ስለነበር ምክንያቱን ብጠይቀው ሁለቱም ከብቶቹ እንደጠፉ፣ ሲፈልግ እንደዋለ ነገረኝ። ተገኙ ወይ አልኩት። አንዱ ተገኘ አለኝ፤ እውነትም ኪሱ ውስጥ ነበር።

ልጅቱ ሁለቱንም ቃሎቿን ያጣችው በመጀመሪያው ሐሙስ፣ ገበያው በተከፈተ በአስር ደቂቃ ውስጥ ነው። ጠያቂ መጣ፤ ዝም አለች፤ ተነዳ። ሌላ መጣ፤ ዝም አለች፤ ተነዳ። ለእሷ ብዬ የሠራሁት ጨዋታ መጀመሪያ ያደኸየው እሷን ነው።

የከበረው የከብት ነጋዴው ልጅ ነበር። ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ወንድም አለው፤ ረቡዕ ማታ ከእሱ ያጠናል፣ ሐሙስ ይነዳል፣ ዓርብ ይረሳል። ዓይን አፋሮቹን እየመረጠ ስለሚጠይቅ በአንድ ወር ውስጥ የክፍሉ ግማሽ ሀብት እሱ እጅ ገባ። የካርዶቹን ሁሉ ቀኝ ጫፍ በአንድ ዓይነት መንገድ በጣው። ከሁሉ የገረመኝ ግን ጥጆቹ ነበሩ። ሌሎች በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ሲያመጡ እሱ እፍኝ ሙሉ ወረቀት ያመጣል። ከፊሉ በኦሮምኛ ነው። ከፊሉ ደግሞ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ጥርጣሬ ውሃ ሲጠጣ እንኳ ቀና እያለ ዙሪያውን ያያል።» ይህቺን ካነበብኩ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ የራሴን ግጥም መጻፍ አስጠላኝ። የነጋዴው ልጅ ልዩ ተሰጥዖ አለው ብዬ ለዳይሬክተሩ ነገርኩት። እሱ አልተገረመም፤ አባትየው ብዙ ከብት አለው አለኝ።

ነገሩ የወጣው ማሽላው ሊደርስ ሲል፣ ተማሪ ሁሉ ወፍ ጥበቃ ማማ ላይ በሚውልበት ሰሞን ነው። አንድ ጠዋት ነጋዴው ልጁን አስከትሎ መጣ። አልተቆጣም፤ ሐዘን ላይ እንደተቀመጠ ሰው ነው የሚናገረው። የልጁ ቃል ሞቷል። ኃላፊነት የሚባለው። ርቢ ሰጥቶት፣ ጠባቂዋ ለፍየል አስበልታዋለች።

ርቢ በአገራችን የታወቀ ነው። ከብት የበዛበት ሰው ለሌለው ይሰጣል፤ ጠባቂው ያረባል፤ የተወለደውን እኩል ይካፈላሉ። የነጋዴው ልጅ ቃሉ ሲበዛበት አባቱ ያደረገውን አደረገ። ሰጠ። የሰጠውም ለአንዷ ብቻ ነው፤ ቃል ለሌላት፣ ጊዜዋን ማማ ላይ ለምታሳልፈው፣ ለዚያች ከኋላ ለምትቀመጠው ልጅ። ጥጆቹ የእሷ ነበሩ። ግማሹን እሷ ጋ እያስቀረ፣ ግማሹን በራሱ ስም እያመጣ ነው እኔን ጉድ ያደረገኝ። እሷም የድርሻዋን ሐሙስ ሐሙስ ለማምጣት መናገር ስላለባት፣ ቤቷ አስቀምጣው ኖሯል።

ጨዋታ እኮ ነው፣ ካርዱን ዛሬውኑ እጽፍለታለሁ አልኩ። ነጋዴው በትዕግሥት አየኝ። የሞተ ከብት በሌላ ቢተካ የሞተው አልሞተም ማለት አይደለም አለኝ። በደንቡ መሠረት የርቢ ከብት ሲሞት ጠባቂው የሞተውን ጆሮ ይዞ ባለቤቱ ዘንድ ይመጣል፤ አለዚያ ሸጦታል ነው የሚባለው። ሽማግሌ ይቀመጥ አለ።

ተቀመጠ። እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ካለው ግራር ሥር። አንደኛው ሽማግሌ በከብት ክርክር ቆላው ሁሉ የሚያውቃቸው ሼህ ናቸው፤ ሁለተኛው ከላይኛው መንደር የመጡ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ ገበሬ ናቸው። ሦስተኛ ሲፈለግ ዳይሬክተሩ ተመረጠ። ሊስቅ ያለው ሰው ቢኖር እሱ ነበር፤ ሦስተኛ ሽማግሌ ነህ ሲባል ግን ሸሚዙን ወደ ሱሪው አስገብቶ ተቀመጠ። እኔ የከብቱን ዘር የሚያውቅ ተብዬ ተጠራሁ።

ሼሁ ቢስሚላህ ብለው ከፈቱት፣ ገበሬው አማተቡ። ከብቱ ስንት ዓመቱ ነው ተባለ። ነጋዴው ልጁን አየ፣ ልጁ እኔን አየ። አንድ ወር ተኩል ነው አልኩ።

«ወልዳ ነበር?» አሉ ሼሁ።

«አራት ጊዜ» አለ ልጁ።

«ባንድ ወር ተኩል?»

«አዎ፣ አባባ።»

ሼሁ ሱብሓነላህ አሉ። ገበሬው የዚህ ዘር ከየት እንደሚገኝ በጆሮዬ ጠየቁኝ። ከመጽሐፍ ነው አልኳቸው፤ እሳቸውም መጽሐፍ ውስጥ ብዙ ነገር እንዳለ ያውቃሉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ልጅቱ ተጠራች። መጥታ ቆመች፤ መዳፏን ዘረጋች። የታኘከ የካርቶን ቁራጭ ነው፣ ክሩ ገና አለበት። ቀኝ ጫፉ ተበጥቷል። ሼሁ አገላብጠው አዩትና ጆሮው ይህ ነው አሉ። ነጋዴው ግን ሞያውን ያውቃል። ይህ ብጣት የልጄ ከብቶች ሁሉ ላይ አለ አለ፤ የሞተው የልጄ መሆኑን ያሳያል እንጂ የትኛው እንደሆነ አይናገርም። ደህናውን ሸጣ ደካማውን ለፍየል ሰጥታ እንደሆነስ? ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። እንዲህ ያለ ነገር በእውነተኛ ከብት ብዙ ጊዜ ገጥሟቸዋል። ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ጠባቂዋ በእጇ ያሉትን ሁሉ ትቆጥራለች፣ የጎደለው የትኛው እንደሆነ ያኔ ይታወቃል።

«በይ ልጄ፣ መንጋሽን ቁጠሪ» አሉ ሼሁ።

ዳይሬክተሩ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ ይህቺ ልጅ አትናገርም፣ ንገራቸው አለኝ። እናቷ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ነበር፤ እሷም ይህንኑ የምትል ይመስል ለመናገር አፏን ከፈተች። ልጅቱ እኛን አላየችም። ባዶውን ሜዳ ነው ያየችው፣ ሰው ማታ በረት አፍ ላይ ቆሞ የሚገባውን እንደሚያይ። እረኛ ከብቱን በቁጥር አይቆጥርም። በአገባቡ፣ በቀለሙና በአመሉ ነው የሚጠራው።

«አድማስ አለ» አለች። ድምጿ ወፍራም ነው፤ ማማ ላይ ወፍ ሲያባርር የሚውል ድምፅ። «ሩቅ ነው የሚውለው፤ ሲቀርቡት ይሸሻል፤ ታስሮ አያውቅም። ትነት ከሲታ ናት፤ ወንዝ ዳር ትተኛለች፤ ስትነሣ አትታይም፣ ብቻ ውሃው ይጎድላል። ቅራኔ ተዋጊ ነው፤ ከስምምነት ጋራ አንድ ውሃ ይጠጣሉ፣ አንድ በረት አያድሩም። ብዝኃነት ቡራቡሬ ናት፤ አንዱን ጎኗን ብቻ አይቶ ነጭ ናት ያለ ይሳሳታል። ዕቅድ ማለዳ ቀድሞ ይወጣል፤ ማታ ሌላ መንገድ ይዞ ይመጣል። ምኅዋር፣ ያ ታሟል ያሉት፣ ሰጡኝ። አልታመመም። ሌላውን እየዞረ ይውላል እንጂ አይርቅም አይጠጋም፤ መንገዱ ክብ ነው።»

ቀጠለች። አማርኛው ሲያጥራት በኦሮምኛ ትጨርሰዋለች፤ ሼሁ ለገበሬው ሊተረጉሙ ዞር ሲሉ ገበሬው ገባኝ ገባኝ ይላሉ። ነጋዴው ሳያውቀው ጎንበስ ብሎ ያዳምጥ ጀመር፤ አንድ ሁለቱን የሚገዛ ይመስል ነበር። ዳይሬክተሩ መጀመሪያ ፈገግ ብሎ፣ ከዚያ ፈገግታው ጠፍቶ፣ ከዚያ እስክሪብቶውን አውጥቶ መዳፉ ላይ ጭረት መጫር ያዘ። መዳፉ ሲሞላበት ወደ አንጓው ወጣ። እኔ መስማት ብቻ ነው የቻልኩት። በዚያ ሰዓት ሰሌዳ ላይ ስለጻፍኳቸው ትርጉሞች ሁሉ አፈርኩ።

መጨረሻ ላይ ወደ ሼሁ ዞረች።

«የጎደለችው ኃላፊነት ናት። ከባድ ነበረች። ወፍ መጣና ማማ ላይ ስወጣ እታች አሰርኳት። ፍየሎቹ እንዳሉ አውቅ ነበር። ሌላ ሰው ያያታል ብዬ ተውኳት።» ሼሁ እጅ ያለውን ቁራጭ አየች። «ማየቱ የኔ ነበር።»

ሌላ ጥያቄ አልተጠየቀችም። ገበሬው ለነጋዴው ልጅ ግን ባለቤትም ከብቱን ማወቅ አለበት፣ አንተስ ቁጠር አሉት። ልጁ ሰባት ያህል ጠራና ሌሎቹ እሷ ጋ ናቸው አለ፤ ልክም ነበር። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ፈረዱ። ጠባቂዋ ጆሮውን አምጥታለች፣ መንጋውን ቆጥራለች፣ ጥፋቷን አልሸሸገችም፤ ካሣ የለባትም፣ የጥጆቹ ድርሻዋም ይከበራል። ዳይሬክተሩም ተራው ሲደርስ ሃምሳ ሦስት በደንብ ቆጥራለች፣ እኔም አምኛለሁ አለ። ተመረቅን፣ ተነሣን። እናትየው ሼሁን አስቁማ ልጄ ያን ያህል ጊዜ ምን ስትል ነበር አለቻቸው። ከብት ነው አሏት። ልጇን ዞር ብላ አየቻትና፣ እኛ ሁለት ላም ነው ያለን አለች።

እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ሰኞ ጠዋት የዳይሬክተሩ ፈተና ቀን ነው። ከክፍሉ በር ላይ ይዤው፣ ልጅቷ እንግዲህ ትናንት አልፋለች አይደል አልኩት።

«ትናንት ሽማግሌ ነበርኩ» አለኝ። «ዛሬ ዳይሬክተር ነኝ።»

ገብቶ ተቀመጠ። ልጆቹ በየተራ እየወጡ አስረዱ፤ ደህና ሆነው ነበር። የነጋዴው ልጅ ዘጠኝ ላይ ቆመ። ዳይሬክተሩ መስኮቱን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ ከዚያ ከስሙ አጠገብ «በድጋሚ ይታያል» ብሎ ጻፈ። ልጅቱ ስትጠራ ተነሥታ ወደ ፊት መጣች። ዳይሬክተሩ የቃላቱን ዝርዝር ገለጠ። ገና የመጀመሪያዎቹን ሲጠራ ምን እያደረገ እንደሆነ ገባኝ። ትናንት ከአፏ የሰማቸውን ሁሉ እየዘለለ፣ ያልሰማቸውን እየለቀመ ነው። የተጠናን ነገር መልሶ መጠየቅ ፈተና አይባልም ብሎ ሊሆን ይችላል። አንዱን ጠራ፤ ዝም አለች። ሌላውን ጠራ፤ ዝም። አስር ደረሰ። ልጆቹ ወንበራቸውን ያያሉ። ዳይሬክተሩ እስክሪብቶውን ወደሚወርዱት ተማሪዎች ዝርዝር ወሰደው።

«እነዚህ በኔ እጅ አልነበሩም» አለች ልጅቱ።

ከክፍሉ ብዙዎቹ ድምጿን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነው። አንዱ ዞር ብሎ ሌላ ሰው የገባ መስሎት በሩን አየ።

«ምን አልሽ?»

«የሰው ናቸው። የሰው ከብት እኔ አልቆጥርም። የኔን ትናንት ቆጥሬልዎታለሁ።» ከዚያ «ሃምሳ ነው የተባለው» አለች።

ዳይሬክተሩ እኔን አየኝ። መዳፉን አየ፤ ታጥቦ ቢሆንም ቀለሙ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። ሽማግሌው ያመነውን ዳይሬክተሩ እንዴት እንደሚክድ እያሰበ እንደነበር ፊቱ ላይ ይታያል፤ ብዙ አሰበ፤ አላገኘውም። የሚወርዱትን ዝርዝር አጠፈና ሌላኛውን ገለጠ። ከስሟ ፊት ለፊት ሃምሳ ሦስት ብሎ ጻፈ። ቅጹ ከሃምሳ በላይ አይቀበልም፤ ስለዚህ ሰረዘና ሃምሳ አለው። አልፈሻል፣ ተቀመጪ አላት።

አልተቀመጠችም።

«ሦስቱስ?» አለች።

ዳይሬክተሩ ወረቀቱን ገለበጠ። ከጀርባው፣ ምንም ባልተጻፈበት ቦታ ላይ፣ ሦስት ብሎ ጻፈ። ጎንበስ ብላ ጽፎ እስኪጨርስ አየችው፤ ከዚያ ወደ ቦታዋ ሄደች።